በዒድ ቀሚስ ቦርድ ፊት

ባለፈው ሳምንት ከቦሌ አራብሳ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን በቀይ ክብ ቆርቆሮ የሚሸጠውን የቻይና ቅባት አወጣች። እጇን በሹራቧ ስር ሰዳ ወገቧን ማሸት ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቱ አይታኝ ደነገጠች። «ሶሪ ማዘር፣ ሽታው ረበሽዎት እንዴ? መስኮቱን ልክፈተው?» አለችኝ። «ተይው ልጄ፣ ወገብሽን ነው?» አልኳት። «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ነው እንጂ ኖርማል ነው፤ ደህና ነኝ» ብላ ቆርቆሮውን ከደነችው። ይቺን «ደህና ነኝ» በደንብ አውቃታለሁ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደ መሐረብ ይዣት ዞሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጡረታዬን ልታስቀርብኝ ነበር። ልጅቱ ስልኳን ማየት ጀመረች፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በቅባቱ ሽታ ተሳፍሬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

መንግሥት ተለውጦ ሰው ገና እየተላመደው ባለበት ዘመን ነው የማወራው። ዛሬ ሕንፃ ከሕንፃ ጋር ትከሻ የሚጋፋበት ይሄ ሁሉ አገር ያኔ ሜዳ ነበር። ገርጂ ሰው እህል ያጭድ ነበር ብላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ከጉርድ ሾላ ወዲያ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በመስከረም ደግሞ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ በቢጫ ይሆንና ተሳፋሪው በአውቶቡሱ መስኮት እጁን ሰዶ አደይ ሊቀጥፍ ይቃጣዋል። እኛ የምንኖረው ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነበር። በራችን ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ስለነበር አዲስ ዘፈን የሚወጣ ቀን እኛ ቤት ሳንገዛው ጠግበነው እናድር ነበር። ባለሱቁ የወደደውን ዘፈን ደጋግሞ ስለሚያጫውት ከጎረቤት ሴቶች መካከል ግጥሙን የማታውቅ አልነበረችም፤ ሽንኩርት ስንከትፍ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በአጥር ወዲያ ትጨርሳለች። ስሙኒ ያኔ ስሙኒ ነበረች፤ አንድ ሻይ ታስጠጣለች። ወጣቶቹ ከሳልቫጅ የመረጧቸውን ትከሻቸው ስፖንጅ የገባባቸው ኮቶች ለብሰው ሲሄዱ ከኋላ ሲያዩዋቸው ሁሉም የጦር አዛዥ ይመስላሉ። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው። ስለብሰው ባለቤቴ እንድሪስ «ደግሞ ማንን ልታስሪ ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ሥራዬ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት መቁረጥ ነበር። ከኮተቤ ተነስተን በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በካሳንቺስ አድርገን ወደ መርካቶ እንወርዳለን፤ እንደገና እንመለሳለን። የእኔ መቀመጫ ከኋለኛው በር አጠገብ፣ በትክክል ከጎማው በላይ ነበር። በብረት ፍርግርግ ተከልላ፣ ከፊቷ የሳንቲም መያዣ ያላት ትንሽ መንግሥት ነበረች። ካኪ ኮቴን ለብሼ፣ ሻሼን አስሬ እዚያ ስቀመጥ ማንም አይቀልድብኝም። ወሎዬ ነኝ፣ አፌ አያርፍም፤ ሰርቆ ሊወርድ ያለውን በስድብ ሳይሆን በምርቃት ነበር የማሳፍረው። «አላህ ለመክፈል ያብቃህ የኔ ጌታ» ስለው አውቶቡሱ በሙሉ ይስቃል፣ እሱም ሳንቲሙን ያወጣል። ሥራዬን እወደው ነበር። ሰው ሥራውን አይወድም የሚሉኝን አላምንም። የከተማውን ሰው ሁሉ በእጁ አውቀው ነበር፤ ልስልሱ የጽሕፈት ቤት እጅ፣ ሊጥ የደረቀበት የዳቦ ቤት እጅ፣ የሾላ ገበያ ሴቶች ቅቤ የነካው እጅ። ብሩ ላይ የቅቤ ሽታ ካለ ሰኞና ቅዳሜ ምን ያህል እንደሸጡ እንኳ የምገምት ይመስለኝ ነበር።

ያቺ መቀመጫ ግን ቀስ እያለች በላችኝ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ሹፌሩ ፊት ሲቀመጥ እኔ ጎማው ላይ ነኝ፣ ጉድጓዱ እሱን አልፎ እኔን ነው የሚያገኘኝ። መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነበር የሚያመኝ። ከዚያ ጠዋትም ጀመረ። ከዚያ ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ ክር ሆነ፤ ሲፈልግ ይለቀዋል፣ ሲፈልግ ይስበዋል። ወጌሻ ታሸሁ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ እናቴ ከወሎ የላከችውን ቅጠል ቀቅዬ ታጠንኩ፣ ያንን የቻይና ቅባት በቆርቆሮ ጨረስኩ። ኪኒን ስወስድ ጨጓራዬ ይነሳል፣ ስተው ወገቤ። የወገብ ሕመም ክፋቱ ደግሞ አይታይም። እጁ የተሰበረ ሰው ጄሶ ታስሮለት መንገድ ይለቀቅለታል፤ እኔ ግን ቆሜ ስሄድ ዘንካታ ነበርኩ፣ ጉንጬም ሞላ ያለ ነው። ዛሬ ሳስበው ያጎሳቆለኝ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሕመሙን መደበቁም ጭምር ነው። እኛ ቤት መታመም እንጂ ታመምኩ ማለት አልተለመደም። እናቴ አልጋ ላይ ወድቃ ሳለ ሊጠይቋት ለመጡት ሰዎች «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ?» እያለች ነው ያለፈችው።

ስለ ቦርድ የነገረችኝ አልማዝ ናት። አልማዝ ከሰዓት ፈረቃ የእኔን አውቶቡስ የምትረከበኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ፣ ልቧ ግን ቅቤ። በየቀኑ ኮተቤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቦታ ስንለዋወጥ ከመቀመጫዬ ስነሳ ታየኛለች። አንድ ቀን «ነይ እስቲ» ብላ ሻይ ቤት አስገባችኝና «ረህመት፣ አንቺ ቦርድ መውጣት አለብሽ» አለችኝ። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ከሕመም የተነሳ መሥራት ካልቻለ ሐኪሞች ተሰብስበው ያዩታል፤ እውነትም አይችልም ካሉ ዕድሜው ባይደርስም ጡረታው ይከበርለታል። ይህ ነው ቦርድ መውጣት። «በገዛ እጅሽ ከለቀቅሽ ግን የደከምሽበትን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ወይ ቦርድ ትወጫለሽ፣ ወይ እዚያ ፍርግርግ ውስጥ እንዳለሽ ቀጥ ትያለሽ። ምርጫሽ ነው» አለች። ለእኔ ነገሩ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ ነበር። ልጆች አሉ፤ እንድሪስ መገናኛ አካባቢ በዘመዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ነው የሚሠራው፤ የእኔ ደመወዝ ከሌለ ቤቱ አይቆምም።

ስለ እንድሪስም እዚህ ላይ ልናገር። አላህ ይዘንለትና ለስላሳ ሰው ነበር። ስንጋባ እሱ ከእኔ በላይ ያወራ ነበር ብል ልጆቼ አያምኑም። በዚያ ዘመን ግን በመካከላችን አንድ ብርድ ገብቶ ነበር። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ሰሐን አልተወረወረም። ሲገባ ሰላም ይለኛል፣ ስወጣ ሰላም እለዋለሁ፣ ራት እናቀርባለን፣ እንበላለን፣ ከዚያ እሱ ወደ አልጋው ይሄዳል፣ እኔ ትንሹ ልጅ ሌሊት ይነቃል ብዬ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀምሬ ነበር። ሲቆይ የኮቴን ቀልድ ተወ። ሱቅ ዘግቶ ቶሎ ይመጣ የነበረው ሰውዬ መስጊድ በራፍ ላይ ከወንዶቹ ጋር ማምሸት ጀመረ። እኔም ልቤ እያወቀ ዝም አልኩ። ሁለታችንም ጨዋ ነን ብለን ጨዋነታችንን እንደ ግድግዳ በመካከላችን ገነባነው።

የቦርዱ ቀጠሮ ደረሰ። ያን ቀን እንዴት እንደተዘጋጀሁ ሳስታውስ ዛሬም ራሴን እታዘባለሁ። ከትላልቅ ሐኪሞች ፊት ልቀርብ ነው ብዬ ከማለዳ ተነስቼ ገላዬን ታጠብኩ፣ እጄን ሂና ሞቅሁ፣ የዒድ ቀሚሴን አወጣሁ፤ አረንጓዴ ሆኖ ደረቱ ላይ የወርቅ ዘቦ ያለበት ነው። ያንን ወይን ጠጅ ኮት ደረብኩበት። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አደረግኩ፤ በዚያ ወገብ። እንደ እኔ ያደገች ሴት ሰው ፊት ስትቀርብ ቤቷን አታሳጣም። ለከበረ ሰው ምን ብለሽ ነው ቆሻሻሽን ተሸክመሽ የምትሄጂው? ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወንበሮቹ ሙሉ ነበሩ። ባለ ምርኩዙ፣ እጁ በሻሽ የተንጠለጠለው፣ ፊቱ የገረጣው፣ ሁሉም ተሰልፏል። አጠገቤ የነበረ እግሩን የሚጎትት ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየኝና «እህቴ፣ ጠያቂ ነሽ? የማን ዘመድ ነሽ?» አለኝ። «አይ፣ እኔው ነኝ ባለጉዳዩ» ስለው ሳቁን መደበቅ አልቻለም። «እኔ ደግሞ ሠርግ የተጠራሽ መስሎኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ኮሪደር ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ እግሬ ግን እንደ እሳት እየነደደ ነበር።

ስሜ ተጠራና ገባሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ወንበር አሳዩኝና ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት በሩ ተከፍቶ ሦስተኛው ገቡ፤ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ። እኔ ሽበት ሳይ እንዴት ልቀመጥ? እንደ ወታደር ብድግ አልኩ። «ኖር» አልኩ፣ ጎንበስም አልኩ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ሳይቀመጡ መቀመጥ ነውር ነውና ቆሜ ጠበቅሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጥኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ሲል ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ። «እሺ፣ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው?» ወጣቶቹ ተያዩ። ሽማግሌውም ግራ እንደ መጋባት ብለው «ደህና ናቸው» አሉኝ። «ሥራ እንዴት ነው?» «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄው እንሠራለን።» «ያምሻል?» «ትንሽ ወገቤን ነው።» «እስቲ ጎንበስ በይ» አለኝ አንደኛው ወጣት። ሰው ፊት አቃስቶ መጎንበስ አሳፈረኝና ትንፋሼን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ተነሽ አለኝ፣ ተነሳሁ። ጨረስን። ምስጋናዬን አቅርቤ፣ በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። ከኮሪደሩ ጫፍ ስደርስ ግድግዳውን ተደግፌ ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። እዚያ ላብ ውስጥ ሆኜ እንኳ ያሰብኩት «እንዴት ያሉ ደግ ሽማግሌ ናቸው» የሚለውን ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ሥራዋን መሥራት ትችላለች የሚል ነበር። አልማዝ ሰምታ ሻይዋን አስቀመጠችና ምን ብዬ እንደመለስኩ አንድ በአንድ አስወራችኝ። ኖር ማለቴን ስነግራት ራሷን ያዘች። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ የሄድሽው ለመታመም ነው እንጂ ለመጠየቅ ነው እንዴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?» «ታዲያ ሽማግሌ ሲገባ ልቀመጥ ነው?» «አዎ ትቀመጫለሽ። ወገብሽ የሌላ ሰው ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ የሻይ ቤቱ ሰው ዞሮ አየን። ቤት ስገባ ለእንድሪስ ነገርኩት። «ጤነኛ ነሽ አሉ ማለት ነው?» አለኝ። «እንደዚያ ነው ያሉት።» «እንግዲህ አልሐምዱሊላህ ነው» አለና ተነስቶ ወጣ። ፊቱ ላይ ግን የደስታ ምልክት አላየሁም። እንዲያውም እንደ ተሸነፈ ሰው ነበር የሄደው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አልጠየቅሁትምም።

ያ ክረምት የማይዘነጋኝ ክረምት ነው። ዝናቡ ያለ ልክ ጣለ፣ መንገዱ ተበላ፣ አውቶቡሱ ጉርድ ሾላ ጋ እንደ ጀልባ ይንገዋለላል። ዛሬ በዚያው ቦታ ባቡር ድልድይ ላይ ሽው ብሎ ሲያልፍ አያለሁ፤ ከስር ያለው አስፋልት ላይ የስንቱ ሰው ወገብ እንደ ቀረ ማን ያውቃል እላለሁ። ተሳፋሪ እርጥብ ጃንጥላውን እግሬ ላይ ያራግፋል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል፣ ከውጭ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ይገባል። እኔ ምርቃቴን ትቼ ዝም ያልኩ ሴት ሆኜ ነበር። አንድ ቀን መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ አልማዝ ልትረከበኝ ስትመጣ ከመቀመጫዬ መነሳት አቃተኝ። እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ፍርግርጉን ይዤ ሳብ አልኩ፣ አልሆነም። አልማዝ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቴን አየችና ወጣች፣ ሹፌሩን ጠራች፣ ሁለቱ ደግፈው አወረዱኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። አልማዝ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች «ለባልሽ ነግረሽዋል?» አለችኝ። «ምኑን?» «ይሄንን ነዋ።» ፊቴን ከነጠላዋ አዞርኩ። «እንደገና ይታይልኝ ብለሽ ታመለክቻለሽ፣ ባልሽንም ይዘሽ ትሄጃለሽ። አንቺ አፍሽ ለሰው እንጂ ለራስሽ አይሠራም» አለች።

ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘና ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጠኝ። እንድሪስን አብረኸኝ ሂድ ስለው ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ምን አደርጋለሁ እዚያ?» አለ። «ዝም ብለህ ና» አልኩት። ከሱቁ አስፈቅዶ መጣ። በዚህኛው ቀን አልማዝ ባዘዘችኝ መሠረት የሥራ ካኪዬን ለበስኩ፣ ነጠላ ጫማ አደረግኩ። በታክሲው ውስጥ አልተነጋገርንም። የካሴቱ ዘፋኝ ለሁለታችንም ሲያለቃቅስልን ደረስን። በልቤ የማስበው ከእንግዲህ ሦስተኛ ዕድል እንደሌለኝ ነው፤ ይህ ካልሆነ ወይ እለቃለሁ፣ ወይ ያ አውቶቡስ ይጨርሰኛል።

ክፍሉ ያው ክፍል ነበር። ወጣቶቹ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበርና ወደ እኔ መጡ። ሰውነቴ ሳላዘው ለመነሳት ተነቃነቀ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «አትነሺ» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ። «ባለፈው ስለ ልጆቼ የጠየቅሽኝ አንቺ አይደለሽም? እዚህ ክፍል ገብቶ ልጆቼን የጠየቀኝ ሰው ካንቺ በፊት አላየሁም» አሉ። አፍሬ መሬት አየሁ። ወንበር ስበው ከጠረጴዛው ጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እንድሪስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ዛሬ እንዴት ነሽ አልልሽም» አሉ። «መልስሽን አውቀዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፍሽ እንዴት እንደተነሳሽ ብቻ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

እንዴት ነሽ ቢሉኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ለዚህኛው ጥያቄ ግን እናቴ ያስተማረችኝ መልስ አልነበረም። ዓይኔን ከመሬቱ ሳላነሳ ጀመርኩ። «መጀመሪያ በጎኔ እዞራለሁ። እግሬ እስኪመጣልኝ ዝም ብዬ እቆያለሁ። ከዚያ በእጄና በጉልበቴ እድሃለሁ፤ ልጆቹ ሳይነቁ ነው። በሩ ጋ ስደርስ መቃኑን ይዤ እነሳለሁ።»

«ለምን እስከ በሩ ትሄጃለሽ? የአልጋውን ራስጌ ይዘሽ አትነሺም?»

«አልጋ ላይ አይደለም የምተኛው። ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ነው።»

«ለምን?»

«የሽቦ አልጋ ነው፤ መሐሉ ይሰምጣል። አንዴ ከገባሁበት መውጣት አልችልም። አንድ ሌሊት መዞር አቅቶኝ እስኪነጋ ትራሱን ነክሼ አደርኩ፤ ባለቤቴ ደክሞት ነበር የተኛው፣ ልቀሰቅሰው አልፈለግኩም። ከዚያ በኋላ ትንሹ ልጅ ሌሊት ይነቃል ብዬ ወረድኩ።»

«ልጁ ይነቃል?»

«አይነቃም።»

ሽማግሌው «ለባለቤትሽ ነግረሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ከኋላዬ የእንድሪስ ድምፅ መጣ፤ የራሱ ድምፅ አይመስልም ነበር። «አልነገረችኝም» አለ። ከዚያም «እኔ የጠላችኝ መስሎኝ ነበር፣ ዶክተር» አለ። ይጽፍ የነበረው ወጣት ሐኪም ብዕሩን አስቀመጠ። ዞሬ እንድሪስን ላየው ብፈልግ ወገቤ አላዞረኝም፤ ስለዚህ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ባለሁበት አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ መስጊድ በር ላይ የሚያመሸው ቤት ገብቶ ባዶ አልጋ ላለማየት ነበር። ጤነኛ ናት ሲሉት የተሸነፈው ለዚህ ነበር፤ ሕመም ከሌለኝ የራቅሁት እሱን ነው ማለት ነዋ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ በደንብ አዩኝ፣ እግሬን በመዶሻ መቱ፣ የራጅ ፎቶ አስነሱኝ፣ ጠየቁኝ፤ እኔም ሲያመኝ ያመኛል አልኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ፤ ቦርድ ወጣሁ። አልማዝ ፌርማታው ላይ እልል ብላ አውቶቡስ አስቆመች። ጡረታዋ ትንሽ ናት፣ ግን ልጆቼን አስተምሬባታለሁ፣ ዛሬም ወር በገባ እሷኑ ይዤ ነው ከአራብሳ የምወጣው። ሕመሙም አልሄደም። አርጅተናል አብረን፤ እሱም እንደ እኔ ጠዋት ጠዋት ይነጫነጫል።

ከሁሉ ይልቅ የሚመጣብኝ ግን ከሆስፒታሉ የተመለስንበት ከሰዓት ነው። እንድሪስ ታክሲ አስቆመና ሹፌሩን ለምኖ ጋቢና አስቀመጠኝ፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ በል ወንድሜ፣ ቀስ» ይላል። ቤት ስንገባ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ከጎረቤት መፍቻ ተዋሰና ያንን የሠርጋችንን አልጋ ይፈታው ጀመር። ብረቱን አንድ በአንድ ወደ ግቢ አወጣ። የጎረቤታችን ሴትዮ አጥር ላይ ብቅ ብላ «ምነው እንድሪስ፣ ቤት ልትለቁ ነው?» ስትለው አልመለሰላትም። ከዚያ ወለሉን ጠረገ፣ ሰሌን አነጠፈ፣ ፍራሹን ላዩ ላይ ዘረጋ። እጄን ይዞ እያሳረፈ አስተኛኝ፤ እኔም ታዘዝኩት። ጫማውን አውልቆ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሥራ ቀን እንዳልሆነ ሁሉ በግራዬ ተጋደመ። ብዙ ቆየን። ካሴት ቤቱ እንኳ ያን ሰዓት ዝም ብሎ ነበር።

«የትኛው ጎንሽ ነው የሚብሰው?» አለኝ ወደ ጣሪያው እያየ።

«ግራው» አልኩት።

ተነሳ፣ በእግርጌዬ ዞሮ መጣና በቀኜ ተኛ። እስኪሞት ድረስ ቦታው እዚያ ነበር።